ግመል ወይስ ጎርፍ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሙቀቱ አይጣል ነው። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ላቤ ጠብ ይላል። ጠዋት ሁለት የስልክ ሽፋን ሸጥኩ። ከሰዓት ቻርጀር ሊመልስ ከመጣ ሰውዬ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። "ትናንት ይሠራ ነበር" ይላል። ትናንት መብራት መቼ ነበር? ኋላ ወንድሜ ዋሲሁን መጥቶ አንድ ነገር አለው፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ሄደ። እኔም እኮ ያልኩት ያንኑ ነበር! ዋሴ ሲለው ግን ሌላ ነው።

አመሻሽ ላይ ፈንታው ከደሴ ደወለ። የአክስቴ ልጅ፣ እዚያ ነው የሚማረው። "ሔሩ፣ ያ ያልኩሽ ጨዋታ ታትሞ ወጣ!" ሊድያና ቢኒያም የሚባሉ ጓደኞቹ የሠሩት የካርድ ጨዋታ ነው። ስሙ "ማሳ"። ማሽላ ትዘሪያለሽ፣ ታጭጃለሽ፣ አስር ኩንታል ቀድሞ ጎተራ ያስገባ አሸነፈ። ሁሉም ተጫዋች አንድ መነሻ ፓኮ ካርድ ይመርጣል። ከዚያ ከሌላው ጋር ካርድ በካርድ እየተለዋወጠ ያሻሽለዋል። ፓኮውን ግን መቀየር የለም።

ሰኔ 15 ወልዲያ ላይ ውድድር አለ። ከየከተማው አንድ ሰው። አንዲት ጨዋታ እንኳ ያሸነፈ ለከተማው ሙሉ ሳጥን ይሰጠዋል፣ ክበብ መክፈቻ።

"ከቆቦ ማን ይሂድ?" አልኩት።

"አንቺ ነሻ!"

እኔ! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ቆቦ ውስጥ ከሥራ በኋላ ወንዶቹ ፑል አላቸው፣ ጆተኒ አላቸው። እኔና ጓደኛዬ ሙሚናስ ምን አለን? ሱቅ ዘግተን ቤት መግባት። ያ ሳጥን ቢመጣ... ቢመጣ ብቻ!


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ፈንታው መጣ። ሦስት ፓኮ ይዟል፦ ገበያ፣ ግመል፣ ጎርፍ። ሙሚና ሱቅ ውስጥ ነው የከፈትነው፣ ስፌት መኪናዋ ላይ። ካርዶቹ እንዴት ያምራሉ! ገና አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታሉ።

ሙሚና ዓይኗን አላሸችም። "ገበያ። በቃ፣ የኔ ነው" ብላ አነሳችው። ይቺ ልጅ ጨርቅ ስትቆርጥም እንደዚሁ ናት፣ መቀሱን ካስገባች አትመለስም።

ለኔ ግመልና ጎርፍ ቀሩ። አንዱን እወስዳለሁ፣ ሌላውን ፈንታው ይመልሰዋል። ስንት ጊዜ ዘረጋኋቸው፣ ስንት ጊዜ ሰበሰብኳቸው! ግመሉ ጠንካራ ነው፣ ድርቅ አይነካውም፣ እህል ቶሎ ያጓጉዛል። ጎርፉ ውስጥ ጎርፍ አለ፣ ውሃ የሚያቆም ክትር አለ፣ ሌላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

"ለጀማሪ ግመል ነው" አለ ፈንታው። "ጎርፍ ይከብዳል።"

ባጃጁን አቁሞ ሊያይ የገባው ኢብሮም "አቦ ግመል እያለ!" አለ። ዋሴ ደግሞ በበሩ ሲያልፍ፣ ካርዶቹን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ "ግመሉን ውሰጂ" ብሎኝ ሄደ።

ሁሉም ግመል። ታዲያ ዓይኔ ለምን ጎርፉ ላይ ይቀራል?


ግንቦት 10፣ እሑድ

አልመረጥኩም። ፈንታው ነገ ይሄዳል።

መርጬ ስለማላውቅ ይሆን? ኮሌጅ ስገባ "አካውንቲንግ" ያለው ዋሴ ነው። ስልኬን የመረጠው ዋሴ ነው፣ ከነቀለሙ። ባለፈው ጫማ ልገዛ ሄጄ እንኳ "ይሄ ይሻልሻል" አለኝ፣ "እሺ" አልኩ። ጫማው ደግሞ ይጠባል! ዋሴ ክፋት የለውም፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው። እወደዋለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ "የቱን ትፈልጊያለሽ?" ብሎኝ ያውቃል?


ግንቦት 11፣ ሰኞ

ጎርፍ! መረጥኩ! ራሴ!

መናኸሪያ ድረስ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው። ፈንታው በመስኮት እጁን ዘርግቶ "ሔሩ በእናትሽ! አንዱን ስጪኝ!" ይላል። ቀና ስል ተራራው ታየኝ። ደረቅ፣ ነጭ። ግንቦት ላይ የቆቦ ሰው ምን ይመኛል? እዚያ ላይ ደመና። ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ ወደኛ ይወርዳል፣ አካፋ ያለው ሁሉ ይወጣል፣ ውሃው ተጠልፎ ማሳ ይገባል። ጎርፍ ያልጠጣ ማሽላ ማሽላ ነው እንዴ?

ግመሉን በመስኮት ወረወርኩለት። መኪናው እየሄደ ስለ ሕጉ የሆነ ነገር ይጮህልኛል፣ ግማሹን ጡሩንባ ዋጠው። የሰማሁት መጨረሻውን ነው፦ "የቀረውን ካርዱ ላይ አንብቢው!"

ይሄ ሁሉ ለአንድ ፓኮ ካርድ!


ግንቦት 13፣ ረቡዕ

የመጀመሪያ ጨዋታ ከሙሚና ጋር። ሁለታችንም እየተንገዳገድን። እያንዳንዳችን ሁለት ማሳ አለን። የተዘራ ማሽላ ሦስት ዙር ቆይቶ ነው የሚደርሰው።

የጎርፉ ካርድ እንዲህ ይላል፦ "አንድ ማሳ ላይ ልቀቅ። ማሳው ክትር ከሌለው በላዩ ያለው ሁሉ ይወሰዳል።" ክትር ካለውስ? አልጻፉትም። ምን ብለው ይጻፉት? ይታወቃላ! ውሃው ይተኛል፣ ደለሉ ይተኛል፣ ማሽላው ባንዴ ይደርሳል። ክትሬን ሠራሁ፣ ዘራሁ፣ ጎርፉን ማሳዬ ላይ ለቀቅሁት። ሙሚና ሳላስረዳት ገባት። "አጠጣሻት! ወላሂ አጠጣሻት!" ብላ የኔን ማሽላ ራሷ አንስታ ጎተራዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

አሸነፍኩ። ከባድ ነው ያለው ማነው?


ግንቦት 21፣ ሐሙስ

እማዬ ጠረጠረች። "ካርታ ጀመርሽ አሉኝ። ቁማር ነው? በምንድነው የምትበሉት?"

"በማሽላ፣ እማዬ።"

ካርዶቹን አሳየኋት። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያስጠጋች አየች። ማሽላ የምትመጠዋ አረም፣ አቀንጭራ ላይ ስትደርስ "ይቺን ደግሞ ምን አመጣት!" ብላ ፊቷን አጨማደደች። አቀንጭራን ሌላው ሰው ማሳ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ እሷ እስካለች የዚያ ማሳ ማሽላ አይደርስም። እማዬ ይሄን ስነግራት "እውነታቸውን ነው" አለች። ቁማር የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ አልተነሳም።


ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተለዋወጥን! ሙሚና ፓኮ ውስጥ አንዲት ክትር አለች፣ ለሷ ምንም አትሠራላትም። የኔ ፓኮ ውስጥ የማልጠቀምባት በቅሎ አለች። ገበያተኛ ያለ በቅሎ ምን ይሆናል? ግን እሷ ዝም ብላ ትሰጣለች? "በቅሎዋ ላይ ምን ትጨምሪልኛለሽ?" አለች። "ምንም።" "እንግዲያው ክትሬን ይዤ እተኛለሁ።" ሽማግሌ ሊገባብን ትንሽ ቀረው። በመጨረሻ በቅሎና አንድ ጓያ ሰጥቼ ክትሯን ወሰድኩ። እሷም ተበላሁ ትላለች፣ እኔም።


ግንቦት 29፣ ዓርብ

አረፋ። ሙሚና ቤት ዋልን። ታላቅ እህቷ ዚነት ሳትቀር ተጫወተች። እሷም ጎርፍ ሲደርሳት ቀጥ አድርጋ የራሷ ማሳ ላይ! ማንም አልነገራትም። ጥሩ ጨዋታ እንዲህ ነው፣ ሳይነግሩሽ ይገባሻል።


ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ፈንታው ደወለ። ኔትወርኩ የታመመ ነው።

"ጎርፉ እንዴት ሆነ?"

"ያጠግባል!"

"ምን? ያጠግባል? ማንን?" አለና ተቆረጠ። መልሼ ብደውል እምቢ አለ።


ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሦስት ቀን ቀረው። ሙሚና ሱቅ በር ላይ ሰው እየቆመ ማየት ጀምሯል። ኢብሮ "ልቀቂው! ልቀቂው!" እያለ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው ባጃጅ ውስጥ ይጠብቀዋል። ጆተኒ የሚጫወቱት ልጆች "ሳጥኑ ሲመጣ እኛም አለን?" አሉ። "ተራ ትይዛላችሁ" አልኳቸው። ደስ ሲል!

ዋሴ ወልዲያ አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። ብቻዬን እንዳልሄድ ነው። "የቱን ካርድ መቼ እንደምትጥዪ ከኋላ ሆኜ እነግርሻለሁ" አለ። ሕጉን አያውቀውም እኮ!


ሰኔ 15፣ እሑድ

ከየት ልጀምር...

በጠዋት ወጣን። መንገዱ ሰላም ነው ተባለ። ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጭን ፓኮዬን አውጥቼ ቆጠርኩ፣ ወልዲያ መግቢያ ላይ ደግሜ። አዳራሹ ሞልቷል። የመርሳ፣ የደሴ፣ የላሊበላ፣ የከሚሴ ልጆች። እንደዚህ ብዙ የሚመስሉኝ ሰዎች አንድ ላይ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያ ጨዋታዬ ከመርሳው አብርሃም ጋር። ክትሬን ሠራሁ። ዘራሁ። ጎርፌን ማሳዬ ላይ ለቀቅሁ። ማሽላዬን ላነሳ እጄን ስዘረጋ አብርሃም እጁን ካርዱ ላይ አደረገ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጠጣ እኮ። ደረሰ።"

"ማን ጠጣ?"

ሊድያን ጠራት። ጨዋታውን ከሠሩት አንዷ፣ ዳኛዋም እሷ ናት። ትሑት ልጅ ናት፣ ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። "ሔራን፣ ጎርፍ ማጥቂያ ነው። ተጋጣሚሽ ማሳ ላይ ነው የሚለቀቀው። ክትር ደግሞ ይከላከላል እንጂ አያበቅልም።"

"ሰው ማሳ ላይ?" አልኩ። ድምፄ ጨመረ መሰለኝ። "ማሽላው ታዲያ ውሃ ሳይጠጣ ነው የሚደርሰው?"

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሊድያ አልሳቀችም። ከሩቅ ፈንታው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አየሁት። እኛ ጋ ውሃ ለጥፋት ሰው ማሳ ላይ የለቀቀ ሽማግሌ ፊት ነው የሚቆመው! እዚህ ግን ጨዋታው እሱ ነው። አንድ ወር ሙሉ የተለማመድኩት... ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ተሸነፍኩ፣ በቶሎ።

ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይወጣል። በቀረችኝ ጨዋታ ካላሸነፍኩ ሳጥን የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ፈንታው ግመሉን ይዞ መጣ። ለካ የመጀመሪያውን የተሸነፈ አንድ ጊዜ ፓኮ መቀየር ይፈቀድለታል።

"ቀይሪው" አለ ዋሴ። "ያኔም ነግሬሽ ነበር።"

"ቀይሪው ሔሩ" አለ ፈንታው። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሕጉን በደንብ ሳልነግርሽ... ግመሉ ቀላል ነው፣ ዛሬም ይዘሽው ታሸንፊያለሽ።"

በያይነቱን ወደ ጎን ገፋሁ። ለሙሚና ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። "ማሽላ ውሃ አይጠጣም አሉ?" አለች። ተናደደች። ደስ አለኝ ስትናደድ።

"ምን ላድርግ ሙሚ?"

"ሔሩየ፣ እኔ ቆቦ ነኝ። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ።"

ዘጋችው። ጨካኝ! ከዚያ ካርዶቼን ሁሉ አዲስ እንደሆኑ አድርጌ አነበብኳቸው። የማውቀውን ሳይሆን የተጻፈውን ብቻ። ከግመሉ ጋር ያሳለፍኩት ሁለት ቀን ነው። ከጎርፉ ጋር ወር። በየትኛው እጅ ምን እንደሚመጣ፣ ስንት ክትር እንደቀረኝ ሳላይ አውቃለሁ። ግመሉን ወደ ፈንታው ገፋሁት።

"በዚሁ ነው የምጫወተው።"

ዋሴ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ላለመስማት ተነስቼ ሄድኩ።

ሁለተኛዋ ተጋጣሚዬ የደሴዋ ብርቱካን። ጎበዝ! ማሳዎቿን ገና ከመጀመሪያው በክትር ዘጋቻቸው፣ ጎርፌ የትም አይገባም። ከዚያ አቀንጭራ። አንዱ ማሳዬ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላው ላይ። ሁለቱም ታሰሩ። ያለኝ ማሽላ ቆሞ ቀረ። እጄ ላይ ሁለት ጎርፍ። ዋሴ ከኋላዬ "አለቀ" ብሎ ተነፈሰ፣ ሰማሁት።

ካርዱን አየሁት። በላዩ ያለው ሁሉ ይወሰዳል። ሁሉ! አቀንጭራዋስ? እሷም ማሳው ላይ ናት። እና የማን ማሳ?

ጎርፉን የገዛ ማሳዬ ላይ ለቀቅሁት። ክትር የሌለው ማሳዬ ላይ።

"ደገመችው!" አለ አንዱ። ሳቅ። ብርቱካን ራሷ አዘነችልኝ፣ "እህቴ፣ ተነግሮሽ የለም እንዴ?" አለች።

"ዳኛዋን ጥሪልኝ" አልኳት።

ሊድያ መጣች። ካርዱን አነበበች፣ ደግማ አነበበች። ቢኒያምን ጠራችው፣ እሱም አነበበ። ተያዩ። "የማን ማሳ እንደሆነ አይልም" አለች። "ይቻላል። ማሽላሽም አብሮ ይሄዳል ግን፣ እያወቅሽ ነው?"

"ይሂድ!"

ማሽላዬም አቀንጭራዋም ተጠረጉ። በሚቀጥለው ዙር ሁለተኛውን ማሳ። ባዶ፣ ንጹህ መሬት! ብርቱካን እጇን በክትርና በአቀንጭራ ጨርሳ ዘር ስትጠብቅ፣ እኔ ዘራሁ። ክትር ሠራሁ። ዘራሁ። አሁን ማንም አይስቅም። አንድ ሁለቱ ወንበር ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። አስረኛዋን ኩንታል ሳስገባ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጮህኩ ብቻ። ዋሴ ወንበር ገልብጦ "እህቴ ናት! የኔ እህት ናት!" እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ብርቱካን ሳቀችና እጄን ጨበጠችኝ፣ አቀንጭራዬን በክትርሽ ቀይሪኝ አለች። ቀየርኳት!

ከዚያ በኋላ ባለው ዙር በላሊበላው ልጅ ተሸነፍኩ። ማን ግድ ብሎት! ሳጥኑ የኛ ነው። ቆቦ ክበብ አላት!

ስንመለስ ዋሴ ከጎኔ ተቀመጠ። ሮቢት ስንደርስ "እኔ ብሆን ቀይሬው ነበር" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት።


ሰኔ 16፣ ሰኞ

ድምፄ ጠፍቷል። ደንበኛ ሲመጣ በእጄ ነው የማወራው። ደስታዬ ግን አልጠፋም።


ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ትልቅ ክርክር። ክበቡ በየትኛው ሕግ ይጫወት? ሙሚና "ማሽላን ውሃ የሚነሳ ሕግ ሱቄ አይገባም" አለች። ኢብሮ "ለውድድር ስንወጣስ? እንደ ሔሩ ሊሳቅብን?" አለ። ልክ ነው፣ ተስቆብኛል፣ አልወደድኩትም። በመጨረሻ ሁለቱንም እንማር ተባለ፣ እቤታችን በኛ፣ ስንወጣ በነሱ። ለሊድያ የኛን አጨዋወት በስልክ ስነግራት "ቆይ ቆይ፣ ድገሚልኝ" እያለች አንድ ሰዓት ያዘችኝ። ሞክረው ደስ ካላቸው ይጨምሩታል፣ ካላላቸውም የራሳቸው ጨዋታ ነው።


ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሳጥኑ መጣ! ፈንታው ራሱ ይዞት ገባ። ሙሚና ስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፋች፣ ሁለት ጠረጴዛ አስገባን። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰው። የጆተኒዎቹ ልጆች፣ ዚነት ከነጓደኞቿ፣ ከዋጃ ድረስ የመጡ ሁለት እህትማማቾች። ፓኮዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። "የቱ ይሻላል?" የማይለኝ የለም። "ዘርግታችሁ እዩ" እላለሁ።

ከዚያ ዋሴ ገባ። ሱቁን በምሳ ሰዓት ዘግቶ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ።

"እኔም ልጀምር ብዬ ነበር" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የትኛውን ልውሰድ?"

እኔን ጠየቀኝ! ዋሴ! ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግመሉን በይው፣ ለሱ ግመል ነው የሚሆነው፣ ቸኩሎ መሸከም የሚወድ ሰው ነው... ዋጥኩት።

"የቱን ትፈልጋለህ?" አልኩት።

አየኝ። ቁጭ አለ። ግመሉን አነሳ። አስቀመጠ። ገበያውን አነሳ። ጎርፉን ዘረጋ፣ ሰበሰበ። ኢብሮ "ዋሴ፣ ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ?" አለው፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ቆይ!" አለ ዋሴ፣ ከምሩ። "ማንም እንዳያናግረኝ።" ጆሮው ቀልቷል። ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ "እንዲህ ይከብዳል እንዴ?"

"ይከብዳል" አልኩት።

የሱቃችንን ቁልፍ ተቀብዬው መጣሁ። ይሄን የምጽፈው ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሙሚና አሁን ደወለች። ገና እየመረጠ ነው።